የሚያረጥበን የፊት ጎማችን ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን በየጊዜው እገዛለሁ። አንብቤ ስጨርስ የልብስ ልክ እቆርጥበታለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጨማድጄ ጫማዬ ውስጥ እወትፈዋለሁ። ቅር አይበላችሁ፣ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ሰኔ ላይ ስለ ብስክሌት ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ነዳጅ ተወዷል፣ የታክሲ ሰልፍ ረዝሟል፣ እንግዲህ ብስክሌት እንንዳ ይላል። ለኪስም ለልብም ደግ ነው ይላል። እውነት ነው። እኔ ራሴ 19 ዓመት ነድቻለሁ። ስለ ዝናብ ግን የሰፈረው አንዲት መስመር ናት። በክረምት የዝናብ ልብስ መልበስ ይመከራል። አለቀ።

ይህን ለባለቤቴ አነበብኩላትና «ይሄ ሰውዬ ሐምሌ ላይ ሳይክል ነድቶ አያውቅም» አልኳት። «ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለነሱ ጻፍላቸው እንጂ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

የዝናብ ልብስ ትከሻን ያደርቃል። እግርን ግን ይብስበታል። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጣሪያው ውኃውን አያጠፋውም፤ ወደ አሸንዳው ይልከዋል፣ አሸንዳው ደግሞ ሥር ወዳለው በርሜል። ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሰውም እንደዚያው ነው። ከትከሻው የወረደው ውኃ ጭኑ ላይ ይጠራቀማል። ከጭኑ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ በቅልጥሙ ቁልቁል። በርሜሉ ጫማው ነው።

እግረኛ ቢሆን እንዲህ አይሆንም። የመንዝ እረኛ ገሳውን ደፍቶ ሲቆም ውኃው ከእግሩ ራቅ ብሎ ነው የሚንጠባጠበው። ሳይክል ላይ ግን ጉልበት ወደ ፊት ይወጣና ዝናቡን ይቀበላል።

ለእኔ እግር ማለት እንጀራ ነው። ቤቴ በአንኮበር መንገድ በኩል ነው፣ ሱቄ ገበያው አጠገብ። ጠዋት ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ማታ ስድስት ኪሎ ሜትር። ሱቅ ስደርስ ከአንዱ ፔዳል ወርጄ ሌላው ፔዳል ላይ እወጣለሁ፤ ሲንጀር ላይ ማለቴ ነው። የሲንጀሩ መርገጫ ብረት ነው። በራሰ ካልሲ ያንን ብረት ሲረግጡ መዋልን ለጠላቴም አልመኝም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም። ስፌቱም ያውቅብኛል። እግር ሲደነዝዝ አረጋገጡ ይዛባል፣ አረጋገጡ ሲዛባ መስመሩ ይወላገዳል። አንዴ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ከወገቡ እስከ ጠርዙ ፈትቼ እንደገና ሰፍቻለሁ።

ደግሞ የልብስ ሰፊ ሥራ የሚበዛው ዝናቡ ሲበዛ ነው። ነሐሴ ላይ ወላጅ ሁሉ የዩኒፎርም ጨርቅ ይዞ ይመጣል፣ እንቁጣጣሽም ይከተላል። «ዛሬ ዶፍ ነው፣ ቤቴ ልዋል» አይባልም። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» የሚሉትም ለእኛ አይሠራም። ደብረ ብርሃን ላይ ቡሄ ካለፈ በኋላም ይዘንባል፣ በረዶም ይጥላል። ጳጉሜ 3ን ብቻ እተዋታለሁ። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ጠበል ነው፣ ልጆች ወጥተው ይታጠቡበታል። የዚያን ቀን እግሬ ቢርስ አልቆጭም።

ወንድሜ የሚኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ከእኛ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ ነው የምታገኙት። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ የእነሱ 1,300 ገደማ። እሱ ዝናብ ሲመጣ ካልሲውን አውልቆ ኪሱ ይከትና በነጠላ ጫማ ይነዳል። ውኃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሲያባራ እግሩ ወዲያው ይደርቃል። ስልክ ስንደዋወል ይስቅብኛል፤ «አንተ እኮ እግርህን እንደ ሙሽራ ነው የምታለብሰው» ይለኛል። አልተሳሳተም፣ ለሸዋ ሮቢት ትክክል ነው። 1,500 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ግን ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል፣ ያ ነጠላ ጫማም ቅጣት ይሆናል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለደጋ ሰው ነው። ለጫጫ፣ ለሞላሌ፣ ለመሐል ሜዳ።

መጀመሪያ የነበረኝ ሳይክል ፎኒክስ ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ማርሽ የሌለው። ዳገት ላይ ወርጄ እገፋው ነበር። ግን ከፊትም ከኋላም ሙሉ የቆርቆሮ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የጭቃ መከላከያ) ነበረው፣ ሰንሰለቱም መከለያ ነበረው። 14 ዓመት ስነዳው ስለ እግሬ አስቤ አላውቅም። ከአምስት ዓመት በፊት ሸጥኩትና ማርሽ ያለው ማውንቴን ገዛሁ። ቀይ ነው። ጎማው ሰፊ፣ ጥርሱ እንደ ትራክተር። ፓራፋንጎ የሚባል ነገር የለውም። ሻጩን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስፖርት ነው፣ ፓራፋንጎ ያስጠላበታል» አለኝ። እኔም በማርሹ ተታልዬ ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ክረምት ጫማዬ በየቀኑ ራሰ። በሁለተኛውም እንደዚያው። «ዘንድሮ ዝናቡ ከፋ» እያልኩ ሁለት ዓመት ዝናቡን አማሁት።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነገሩን ልፈትሸው አልኩ። ግንቦት ነበር፣ መንገዱ ደረቅ። ጨርቅ ላይ የምናሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ ፈጭቼ በአንድ ባልዲ ውኃ በጠበጥኩት። ከሱቄ ፊት ለፊት አስፋልቱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ አለ፣ እዚያ ደፋሁት። ከዚያ የናንተን ጋዜጣ ከጉልበቴ እስከ ጫማዬ ጫፍ ጠቀለልኩና በክር አሰርኩት። የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ። «ጋሼ አበዱ!» የሚልም ነበር። በኩሬው መሐል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ጋዜጣውን ፈትቼ ደረጃው ላይ ዘረጋሁት። ጉልበት አካባቢ ያለው ገጽ ንጹሕ ነው። ቅልጥሙ ላይ አልፎ አልፎ ነጠብጣብ። ከቁርጭምጭሚት በታች ግን ዜናው አይነበብም። የጫማው ጫፍ፣ ክሩ የሚታሰርበት፣ ምላሱ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። ከሰማይ ጠብ ያለ ነገር የለም እኮ፤ ፀሐይ ነው! ያ ሁሉ ከፊት ጎማዬ የመጣ ነው።

ቆመው ሲያዩት ቀላል ነው። ጎማው ሲሽከረከር ውኃውን ይዞ ይነሳል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ከታች በስተኋላ በኩል የሚለቀው ዝቅ ብሎ ይፈናጠራል። እዚያው ደግሞ ፔዳሉ አለ፣ ፔዳሉ ላይ እግሬ። እግሬም ወደ ፊት እየሄደ ይቀበለዋል። የሁለት ዓመት ሐሜቴን ለዝናቡ ይቅርታ ጠየቅሁበት።

ፓራፋንጎ ሲባል ብዙ ሰው የኋላውን ነው የሚያስበው። የኋላው ጀርባን ከጭቃ ያድናል። እግርን የሚያድነው የፊተኛው ነው፣ እሱም አጭር ከሆነ አይረባም። ገበያ ላይ ያሉት የላስቲክ ፓራፋንጎዎች ጎማውን ከያዘው ሹካ አልፈው ብዙ አይወርዱም። ስለዚህ ከጫፋቸው ወደ ታች የሚንጠለጠል ጭራ ያስፈልጋቸዋል።

ጭራውን ለመሥራት ከሳይክል ጠጋኙ ጋር አንዴ ተሳስተናል። መጀመሪያ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆረጥን። ቢጫ ነው፣ ከቀዩ ሳይክል ጋር ያምራል። ሚስማር አግለን በሳነው፣ በሽቦ አሰርነው። ረዘም ቢል ይሻላል ብለን መሬት ሊነካ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆረጥነው። በሁለተኛው ቀን ድንጋይ ነካውና ቀጭ አለ። ያ ጀሪካን ድንጋይ ሲነካው አይተጣጠፍም፣ ይሰበራል። ቀጥለን ከከባድ መኪና ካላማዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ ማለት ነው፣ ቆረጥን። መዳፍ የሚያህል ስፋት፣ ወደ ታች ሰፋ የሚል፣ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ያለ። ድንጋይ ሲነካው ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ይኸው ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል። የዚያኑ ዕለት ጠመኔ በጥብጬ፣ ጋዜጣ ጠቅልዬ ደግሜ አለፍኩበት። ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ነው ያገኘሁት። የስፖርት ገጹ እስከ መጨረሻው ተነበበ።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። አስፋልት ለቃችሁ መረሬ አፈር ላይ ከገባችሁ ፓራፋንጎ ጠላት ይሆናል። ያ ጥቁር ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ፓራፋንጎው ከጎማው ሁለት ጣት ያህል መራቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ወርዶ በእንጨት መፋቅ ነው። እኔ መረሬ ሲያጋጥመኝ ሳይክሌን ተሸክሜ ነው የማልፈው። እሱም ይረፍ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሸከመኝ ውሎ።

ጭራው የታቹን ውኃ ያዘ። የላዩ ቀረ። ለዚያ ሙያዬ ደረሰልኝ፣ ገንባሌ ሰፋሁ። በድሮ ወታደሮች ፎቶ ላይ የምታዩት ነው። ከጉልበት በታች ይጀምርና ጫማውን ከላይ ይሸፍናል። መጀመሪያ በአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ሞከርኩ። ቀላል ነው፣ ግን በሳምንቱ ተቀደደ። ከዚያ የጭነት መኪና የሚሸፈንበት ሸራ ቁራጭ ገዛሁ። ሸራ ለመስፋት መርፌ ቁጥር 18 ይጠይቃል። በሸሚዝ መርፌ ከሞከራችሁ የሚሰበረው መርፌው ነው። ስፌቱን ከኋላ፣ ባት ላይ አደረግሁት። ዝናብና ንፋስ የሚመታው ከፊት ነውና።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሸራው ውኃ ባያስገባም መርፌ በገባበት ሁሉ ይገባል። አንድ የስፌት መስመር ማለት መቶ ትንንሽ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ መስመሩን በውስጥም በውጭም በሻማ አሸሁት። በላዩ ጋዜጣ አነጠፍኩና የሞቀ ካውያ ቀስ ብዬ አሳለፍኩበት። ሰሙ ቀልጦ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ የተረፈውን ጋዜጣው ይመጠዋል። የንብ ሰም ከተገኘ ይበልጣል። የሻማው ብርድ ሲመታው እየተሰነጠቀ ስለሚረግፍ በየወሩ መድገም ያስፈልጋል።

መዝጊያው በውጭ በኩል ይሁን። በውስጥ በኩል ከሆነ የቀኙን ሰንሰለቱ ይበላዋል። ዚፕ አልወድም፣ ውኃ ያሳልፋል። እንደ ሕፃን ጫማ የሚጣበቀውን ማሰሪያ ነው የተጠቀምኩት። ከሥሩ ከካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በጫማው ወገብ ያልፋል፣ ከተረከዙ ቀደም ብሎ። ፔዳል የምንረግጠው በፊተኛው የእግራችን ክፍል ስለሆነ ላስቲኩ አያደናቅፍም። ሥሩ ክፍት ነው፣ የጫማው ሶል ፔዳሉን ይያዝ።

አደራረቡንም አትርሱ። ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ከታች ይጀምራል፣ የላይኛውን በታችኛው ላይ ይደርባል። ገንባሌው ጫማው ላይ፣ የዝናብ ሱሪው ገንባሌው ላይ። አንድ ቦታ ከተገለበጠ ቤቱ ያፈሳል። የዝናብ ሱሪውን ቦቲ ጫማው ውስጥ ከትቶ የሚሄድ ስንት ሰው አያለሁ! አሸንዳውን ከበርሜሉ ጋር መግጠም ነው።

የዝናብ ሱሪ የሌለው ሰው በቁምጣ ይንዳ። እኔ የማደርገው ይህን ነው። የሥራ ሱሪዬን በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላ አስራለሁ፣ ገንባሌው ጉልበቴ ሥር በላስቲክ ጠበቅ ይላል። ቆዳ ውኃ አይመጥም። ጂንስ ግን እንደ ኩራዝ ክር ነው። ጉልበቱ ላይ የጠጣውን ውኃ እየሳበ ቁርጭምጭሚት ያደርሳል፣ እዚያ ለካልሲው ያቀብላል። ካልሲውም ከገንባሌው በላይ ብቅ ካለ እንደዚያው ይስባል። በቁምጣ ገበያ መሐል ማለፍ በእኔ ዕድሜ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። መጀመሪያ እኔም አፍሬ ነበር። አሁን ደንበኞቼ ለምደውኛል። አንዲት እናት ብቻ «ልጄ፣ ሱሪ እየሰፋህ ያለ ሱሪ ትሄዳለህ?» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም።

ወተት የሚያመላልስ አንድ ልጅ አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ከገጠር ወተት ሰብስቦ ከተማ ያደርሳል። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ፌስታል ጫማው ላይ አጥልቆ፣ በላስቲክ አስሮ ሲነዳ አየሁት።

«ይሄ ያንሸራትትሃል፣ ተው» አልኩት።

«ጋሼ፣ እግሬ በብርድ ከሚቆረጥ ይንሸራተት» አለኝ።

በሳምንቱ በሬሳ ድልድይ አካባቢ ተንሸራተተ። የራሰ ፌስታል ብረት ፔዳል ላይ እንደ ሳሙና ነው። እግሩ ሾለከ፣ የተቀደደው ፌስታል ሰንሰለት ውስጥ ገባ፣ ሳይክሉ ወደቀ። ጉልበቱ ተላጠ። 15 ሊትር ወተት በአስፋልቱ ዳር ነጭ ጅረት ሆኖ ወረደ። ሱቄ መጥቶ ሲነግረኝ ጉልበቱን ረስቶ ስለ ወተቱ ነበር የሚያወራው። ገንባሌ ሰፋሁለት፣ ዋጋውን በወተት ከፈለኝ።

ፌስታል ግን መጥፎ አይደለም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። ቦታው ጫማው ውስጥ ነው። ስስ ካልሲ፣ በላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ጫማው ቢርስም እግር አይርስም፣ ንፋስም አይገባም። ላቡ ግን መውጫ የለውም። ለግማሽ ሰዓት መንገድ ደግ ነው። ከዚያ ካለፈ እግሩ በላብ ይቀቀላል፣ በጣት መሐል ፈንገስ ይጀምራል። እንደደረሱ ማውለቅ ነው። የዳቦ ፌስታል ቀጭን ስለሆነ ይቀደዳል፣ የስኳር ፌስታል ይሻላል። ፌስታል ይቅር በሚባልበት ጊዜ ይህን በመምከሬ የሚወቅሰኝ ይኖራል። እኔ አንዱን እያጠብኩ ክረምቱን ሙሉ ነው የምጠቀምበት።

ካልሲ ከተነሳ፣ የጥጥ ካልሲ ለደጋ ክረምት አይሆንም። አንዴ ከራሰ ይበርዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። የበግ ፀጉር ሌላ ነው። ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ ገና ደረቅ ይመስላል፣ ርሶም ይሞቃል። ይህን ለመንዝ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አያቴ ባናቸውን ደርበው ዝናብ ውስጥ ከብት ሲያግዱ ይውሉ ነበር። እኛ በበግ አገር ተቀምጠን ከውጭ የመጣ ናይለን እንለብሳለን። ሹራብ የምትሠራ ጎረቤት አለችን። ከመንዝ የመጣ የተፈተለ ፀጉር ገዝቼ ሰጠኋት፣ ሁለት ጥንድ ሠራችልኝ። ይኮሰኩሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሲንጀሩን በአንዱ እግሬ እየረገጥኩ በሌላው ስታከክ ነው የዋልኩት። ከሥር ስስ ካልሲ ሳደርግበት ተስማማን።

«ቦቲ ጫማ አድርገህ ተገላገል» የሚለኝ ጎረቤት አለኝ። ጥበቃ ነው፣ ቆሞ ነው የሚያድረው፣ ለእሱ ልክ ነው። ፔዳል ላይ ግን ቦቲ ይከብዳል፣ ተረከዙ ይወላውላል። ከላይ ውኃ ከገባበት ደግሞ ቤት እስክትደርሱ ይዞት ይሄዳል። የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ሞራና ሰም አንድ ላይ አቅልጦ ስፌቱ ላይ ይቀባ። ሰሙ ይብዛ። ሞራው ሲበዛ የሰፈር ውሻ ሁሉ ይከተላል፣ ደርሶብኝ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እግር የሚርስበት ቀን አለ። ባለቤቴ «ሱቅ ሌላ ጫማ አስቀምጥና ቀይር» ትለኛለች። አስቀምጫለሁ፣ ሸበጥና ደረቅ ካልሲ። ችግሩ ማታ ነው። ጠዋት ያወለቁትን የራሰ ጫማ ማታ 12 ሰዓት ላይ መልሶ ማጥለቅ! እግር ሲገባ ቅዝቃዜው እስከ አናት ነው የሚሰማው። ስለዚህ ጫማው እስከ ማታ መድረቅ አለበት።

እዚህ ላይ ነው ጋዜጣችሁ የሚደርስልኝ። የውስጡን መርገጫ አወጣለሁ። ክሩን ፈትቼ ምላሱን ወደ ፊት እስበዋለሁ። አንድ ገጽ ጨምድጄ እስከ ጣቱ ጫፍ እወትፋለሁ፣ ሌላውን ተረከዙ ላይ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጥቼ በደረቅ እለውጣለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ከብዶ ነው የሚወጣው፣ ሲጨምቁት ጠብ ይላል። ሦስት አራት ጊዜ ከለወጥኩት ማታ ደረቅ ባይባልም የሚጠለቅ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ለዚህ አይረባም፣ ውኃ አይመጥም።

እሳት ዳር ግን አታድርጉት። የከሰል ካውያ አለኝ፣ መብራት ሲጠፋ የምጠቀምበት። አንድ ቀን ቸኩዬ ጫማዬን ካውያው ጥግ ደገፍኩት። ከምሳ ስመለስ ማስቲሹ ቀልጦ ሶሉ እንደ አዞ አፉን ከፍቷል፣ ቆዳውም ተሰንጥቋል። ጫማ ሰፊው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ጠብሰህ ልትበላው ነበር?» አለኝ። የሙያ ጓደኛዬ ስለሆነ ቻልኩት።

ለሾፌሮችም አንድ ቃል። ኩሬ ዳር ሳይክል ስታዩ እባካችሁ ቀዝቀዝ በሉ። ጭራዬም ገንባሌዬም ከአንድ ሚኒባስ ጎን የሚመጣውን ውኃ አይችሉትም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አጥቦኝ አለፈ። ረዳቱ ግን በመስኮት ብቅ ብሎ «ይቅርታ ፋዘር» አለኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ለሳይክል ሻጮች የምለው ግን ይበዛል። ሳይክሉን ስትሸጡ ፓራፋንጎውን አብራችሁ ሽጡ። ያስጠላበታል አትበሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ሳይክል ምኑ ያምራል? በእኛ ሰፈር ብቻ ክረምት ላይ የሚቆሙ አምስት ሳይክሎች አውቃለሁ። ባለቤቶቹን ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። ዳገቱን ያነሳ የለም። ብርዱን ያነሳው አንድ ነው። የቀሩት አራቱ ያሉት «እግሬ ይርሳል» ነው። የአራቱም ሳይክል የፊት ፓራፋንጎ የለውም።

እስካሁን 11 ጥንድ ገንባሌ ሰፍቻለሁ። አድራሻዬን ያልጻፍኩት ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው። ሸራና ወፍራም መርፌ ያለው ማንም ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ልክ ስትለኩ ጫማ አድርጋችሁ ተለኩ። እኔ የመጀመሪያውን በባዶ እግሬ ለክቼ ጨርቅ አባክኛለሁ።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁት የዚያን ቀን ሦስት ቅጂ እገዛለሁ። አንዱ ለማስቀመጥ፣ ሁለቱ ለቀኝና ለግራ።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊው፣ ከደብረ ብርሃን